እስከ ማርች ስምንት የሚቆይ አበባ

ኢቅሊማ የዕቃ ቤቱን በር ከፍታ ክው ብላ ቀረች። ባልዲዎቹ የሉም። ትናንት ጠዋት ኡርገንች ከተማ ወደ አክስቷ ለቅሶ ስትሄድ በግድግዳው ሥር ደርድራ፣ ቢስሚላህ ብላ በሩን ዘግታባቸው የሄደችው የካርኔሽን አበቦች ከነባልዲያቸው ጠፍተዋል። የቀረው ነገር ቢኖር የባልዲዎቹ መቀመጫ በአፈሩ ወለል ላይ የተወው ክብ ክብ እርጥበት ብቻ ነው። በሩን ዘግታ እንደገና ከፈተችው። ሞኝነት ነው፣ እሷም ታውቀዋለች፤ ግን የደነገጠ ሰው ዓይኑን አያምንም።

አበቦቹ ነገ በጠዋት መጫን ነበረባቸው። ከነገ ወዲያ ማርች ስምንት፣ የሴቶች ቀን ነው። በዚያ ቀን አበባ ያልያዘ ወንድ ቤቱ ለመግባት ይፈራል፤ ሚስትም ትጠብቃለች፣ አስተማሪም ትጠብቃለች፣ የባንክ ቤት ጸሐፊም ትጠብቃለች። ኢቅሊማ የምትጠብቀው ግን አበባ ሳይሆን ባሏን ነበር። ዳቭሮን ሩሲያ ሄዶ የሰው ፎቅ ሲገነባ ሴት ልጁ በስልክ ካልሆነ በቀር አባቷን ሳታውቅ አፏን ፈታች። «ላስቲክ ቤቱ ከጸናልሽ በጸደይ እመጣለሁ፤ ከመጣሁም አልመለስም» ብሏታል። አበባዋን የምታበቅልበት ላስቲክ ቤት መጽናቱ አለመጽናቱ ደግሞ በአባቱ በኦላበርጋን እጅ ነው።

ኦላበርጋን የሜሎን ሰው ናቸው። አባታቸውም፣ አያታቸውም የሜሎን ሰዎች ነበሩ። በመከር የተለቀመው የክረምት ሜሎን እስከ ጸደዩ የናቭሩዝ በዓል ሳይበላሽ የሚቆይበት ቤት በግቢያቸው ውስጥ አለ፤ ግድግዳው ወፍራም ጭቃ፣ መስኮት የሚባል ነገር የሌለው፣ ሜሎኑ በፊላ ገመድ እየተቋጠረ ከወራጁ ላይ የሚንጠለጠልበት። ከእሳቸው በቀር እግሩን የሚያስገባበት የለም። ሴት ከገባችበት ሜሎኑ ይበሰብሳል ይባላል። ይህን መጀመሪያ ያለው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ምናልባት ሜሎኑን ለብቻው መብላት የፈለገ ወንድ ይሆናል።

ለምራታቸው ከሜሎን መሬታቸው ቁራሽ ቆርሰው ለላስቲክ ቤት ሲሰጧት ልጃቸው ለምኗቸው እንጂ ወደው አልነበረም። አምና ደግሞ የፈሩት ደረሰ። አበባው በቅሎ፣ አምሮ፣ ተቆርጦ ባልዲ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ገዢዋ እስክትመጣ ድረስ አንገቱን ደፋ። ባልዲው ቆሻሻ ነበር፣ ውሃው ሸቶ ነበር፣ ቤቱ ሞቆ ነበር፤ ያኔ ኢቅሊማ ይህን አታውቅም። መንደሩ ሳቀባት። በመከር ጊዜ ጎረቤት ተሰብስቦ ሜሎን ሲበላ ሽማግሌው እንዲህ አሉ፦ «ዘንድሮ አበባዋ ከተቆረጠ በኋላ እንደቆመ ከግቢዬ በር ከወጣ መሬቱ የእሷ ነው። ግቢዬ ውስጥ ከሞተ ግን ላስቲኩ ይወርዳል፣ ሜሎን እተክላለሁ። እናንተ ምስክር ናችሁ።» ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሳቸው ደግሞ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም፤ ቢያጥፉ ደስ የሚላቸው ብዙ ሰዎች ስለነበሩ።

ኢቅሊማ ያን ክረምት አበባዋን እየገዛች ኡርገንች ገበያ ከምትሸጠው ከሮዚያ እግር ሥር ተቀምጣ ተማረች። ፀሐይ ሳይወጣ መቁረጥን፣ አገዳውን በስለታም ቢላዋ ሰያፍ አድርጎ መክፈትን፣ ውሃ የሚነካውን ቅጠል ማራገፍን፣ ባልዲውን በበረኪና እንደ አራስ ልጅ ጡጦ መፈተግን፣ በውሃው ላይ ትንሽ ስኳርና የሎሚ ጭማቂ ጠብ ማድረግን ተማረች። ከተማረችው ያጓደለችው አልነበረም። ትናንት ስትሄድ እምቡጡ ሁሉ ጥርሱን ሊያወጣ እንደደረሰ ሕፃን ነበር፤ ጫፉ ብቻ ብቅ ያለ።

እና አሁን የለም።

ወደ ጓሮ ሮጠች። የባሏ ታላቅ ወንድም ሚስት ፖሻ ምንጣፍ አጥር ላይ ሰቅላ በዱላ ታራግፋለች።

«ፖሻ ኦፓ፣ አበቦቼ የት አሉ?» አለቻት፣ እንደ ታላቅ እህት ጠርታ።

«የእግዜር ሰላምታ ቀረ? እኔ ለከብት እንጂ ለአበባ ጠባቂነት የተዳርኩ አይመስለኝም።»

«ትናንት ከግቢው ያልወጡት እርስዎ ነዎት።»

«ዛሬም አልወጣሁም። ማን ያወጣኛል?»

«ላስቲኩ ሲወርድ እልል እላለሁ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?» ኢቅሊማ ታላቋን «አንቺ» ማለቷን ያወቀችው ካለች በኋላ ነው።

ፖሻ ዱላውን ወደ መሬት አወረደችው። «ወይ ጉድ! ለቅሶ ሄደሽ ስድብ ተምረሽ መጣሽ? አዎ ብያለሁ! አሁንም እላለሁ! ግን እልል ለማለት ባልዲ መስረቅ አያሻኝም፤ የአምናው አበባሽ ማን ነክቶት ነው የሞተው? እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ!»

«ወላሂ ካልሰጠሽኝ ይህን ምንጣፍ...»

«ሞክሪዋ! ምንጣፉን ንኪና ዱላው ማን ላይ እንደሚያርፍ ታያለሽ!»

ከኋላቸው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምን ያስጮኻችኋል? ጎረቤት ሠርግ ያለን ይመስለዋል» አሉ ኦላበርጋን። ፈገግ ብለዋል። ኢቅሊማ አማቷን ፈገግ ብለው ያየቻቸው በሠርጓ ዕለት ነው፤ ያኔም ፎቶ አንሺው ለምኗቸው ነው። «ነይ ኬሊን» አሏት፤ ምራት እንደማለት ነው፤ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። ቁልፋቸውን ከመቀነታቸው ፈቱና ወደ ሜሎን ቤቱ አመሩ።

«ኦታ፣ እሷን ሊያስገቡ ነው?» አለች ፖሻ፣ ድምፅዋ ሰልሎ፤ ምራቶቹ ኦታ፣ አባት ነው የሚሏቸው።

«አንቺ ደጅ ቆመሽ እይ። ደፉን እንዳትረግጪ።»

በሩ ሲከፈት ጣፋጭ፣ ከባድ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ወጣ። ኢቅሊማ በዚህ ግቢ ሙሽራ ሆና ከገባች ጀምሮ ያ ሽታ በበሩ ስንጥቅ ሲወጣ ነው የምታውቀው። ጎንበስ ብላ ገባች። ከላይ ሜሎኖቹ በፊላ ታቅፈው ተንጠልጥለዋል፤ ከሥራቸው ባልዲዎቿ ተደርድረዋል። አንድም አልጎደለም። አበቦቿ!

ደስታዋ አንድ ትንፋሽ አልቆየም።

«ትናንት አንቺ እንደሄድሽ የደቡብ ነፋስ ተነሣ» አሉ ሽማግሌው፣ የዓመቱን ወሬ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደሚያወሩ ሆነው። «የዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ ጋለ። ላም ላጠጣ ሳልፍ በቀዳዳ ባይ አበባሽ አፉን መክፈት ጀምሯል። አምናም ከፍቶ ከፍቶ ነው የሞተው። ምን ላድርግ? አንቺ የለሽ። በዚህ መንደር ከዚህ ቤት የሚቀዘቅዝ፣ ከዚህ ቤት የሚጨልም የለም። አንድ በአንድ ተሸክሜ አገባሁት። ጠብታ ውሃ አላፈሰስኩም፤ ጉልበቴን ጠይቂው።»

ኢቅሊማ ወደ አንዱ ባልዲ ጎንበስ አለች።

«አየሽ?» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበር። «ትናንት የተከፈተው ዛሬ ተዘግቷል! ተኝቷል። የእኔ ቤት አበባን እንኳ ወደ ልጅነቱ ይመልሳል። አልሐምዱሊላህ!»

አበባው አልተዘጋም። የአበባው ቅጠል ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ጠርዙ እንደ ረጠበ ወረቀት ልፍስፍስ ብሏል። አንዱን ነካች፣ ሌላውን ነካች፣ ከወዲያኛው ባልዲ ነካች፤ ሁሉም ያው ነው። የአበባ ነጋዴዎችም ይህን እንቅልፍ ይሉታል፤ ከዚህ እንቅልፍ የነቃ ካርኔሽን ግን ታይቶ አይታወቅም። ሮዚያ ገና በመጀመሪያው ቀን ነግራታለች፦ «ፍሬ ይተነፍሳል። የበሰለ ፍሬ ትንፋሽ ለካርኔሽን መርዝ ነው፤ በአንድ ቤት አታሳድሪያቸው።»

ለቤተሰቡ ሁሉ ተናግራ ነበር። ባልዲውን አትንኩ ብላለች፣ በሩን ዝጉ ብላለች፣ አጠገቡ አታጭሱ ብላለች። ሜሎን ቤት አታስገቡት ግን አላለችም። ማን ይለዋል? ወንድ ልጃቸውን እንኳ የማያስገቡበት ቤት ነው። እንግዳ ሆኖ የሚመጣ ሰው «እባካችሁ አልጋችሁን ለቃችሁ እንዳታስተኙኝ» ብሎ አያስጠነቅቅም።

መጮኽ አማራት። ከዚያ መሣቅ አማራት። ክረምቱን ሙሉ በምድጃ እንጨት ዓይኗ እየተጨናበሰ ያሳደገችውን፣ ዳቭሮንን የሚያመጣላትን፣ ይህ የደረቀ ሽማግሌ አንድ ቀን ደግ ልሁን ብሎ ተነሥቶ ገደለባት! ጠልቷት ቢያደርገው ኖሮ ታለቅስ ነበር። ወዷት ላደረገው ምን ይባላል? ቀና ስትል አማቷ በጨለማው ውስጥ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቋታል፤ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው።

«ዝም አልሽ?»

«አላህ ይስጥልኝ ኦታ» አለች።

«እዚሁ ይደሩ» አሉና ቆለፉት።

ያን ሌሊት እንዴት እንዳደረች አላወራውም፤ ያላደረበት አያውቀውም።

በማግስቱ የሮዚያ ነጭ ዳማስ መኪና አቧራ እያስነሣች ገባች። ሮዚያ ሰፊ ሴት ናት፤ የወርቅ ጥርሷ ከሰላምታዋ ይቀድማል። «የታለች ተማሪዬ? ከተማው እኮ አብዷል! ዛሬ ገለባ ብሸጥ ይገዙኛል!» አለች ገና ሳትወርድ። ኦላበርጋን የበግ ፀጉር ቆባቸውን ደፍተው፣ ባልዲዎቹን ራሳቸው አንድ በአንድ ተሸክመው ከሜሎን ቤቱ አወጡ። ኢቅሊማ አልተንቀሳቀሰችም። ትናንት ማታም፣ ዛሬ ጠዋትም አፏን ልትከፍት ሞክራ ነበር፤ ሽማግሌው ቆባቸውን በመስታወት ሲያስተካክሉ አይታ ተወችው። ሆድ ይፍጀው አለች። ሆዷ ግን እስከ ጠዋት ነው የፈጀላት።

ሮዚያ አንድ ዘለላ አወጣች። ወደ ብርሃን አዞረችው። አፍንጫዋን አስጠጋች። ፊቷ ተለወጠ።

«ይህ ምንድነው የሚሸተው? ሜሎን? ሜሎን!» ወደ ሁለተኛው ባልዲ፣ ወደ ሦስተኛው ሄደች። «አላህ! ሁሉም ተኝቷል! ማነው ይህን ከፍሬ ጋር ያሳደረው? የማን ጭንቅላት ነው ይህን ያሰበው?»

ኢቅሊማ አማቷን አየቻቸው። የመጨረሻውን ባልዲ እንደያዙ ቀርተዋል። አልገባኝም የሚል ፊት አልነበረም። የቆየ፣ የሚያውቁት ነገር ድንገት ትዝ ያላቸው ሰው ፊት ነበር፤ ደሙ ከጉንጫቸው እየሸሸ ሲሄድ አየችው።

«እኔ ነኝ» አለች ኢቅሊማ።

«አንቺ?»

«እኔ ነኝ ሮዚያ ኦፓ። ሲሞቅ ደነገጥኩና እዚያ አስገባኋቸው።»

«የመጀመሪያው ትምህርትሽ!» ሮዚያ ጭኗን መታች። «ቢላዋ ሳላስይዝሽ፣ ባልዲ ሳላሳጥብሽ የነገርኩሽ! እኔ ደግሞ ሰው አስተማርኩ ብዬ ገበያውን ሁሉ ሳስወራ! ለማርች ስምንት የተኛ አበባ ሸጬ ስንቱን ከሚስቱ ላጣላ?» ፖሻ ከአጥሩ ሥር እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች። እውነቱን ታውቃለች፤ ትናንት በደጃፉ ቆማ በዓይኗ አይታዋለች። ኢቅሊማን አየቻት፣ ሽማግሌውን አየቻቸው፣ ምንም አልተናገረችም። ፖሻ ነገር አግኝታ ዝም ስትል ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ዳማሷ ባዶዋን ተመለሰች።

ኦላበርጋን ባልዲውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ኢቅሊማ ደግ ቃል ባትጠብቅም ቁጣ አልጠበቀችም።

«ሸክሜን ተሸከሚልኝ ብዬሻለሁ?»

«ኦታ...»

«ብዬሻለሁ ወይ? አንድ ሜሎን ቀድሞ ከበሰለ ጎረቤቱን ሁሉ እንደሚቀሰቅስ አባቴ ያሳየኝ ጢም ሳላበቅል ነው! ለምን ይመስልሻል በየቀኑ ገብቼ እየዳሰስኩ የበሰለውን የማወጣው? ትንፋሹን አውቀዋለሁ! ዕድሜዬን ሙሉ አውቀዋለሁ! አበባም አፍንጫ አለው ብዬ አላሰብኩም እንጂ!» ድምፃቸው ተሰበረ፣ መልሰው አነሡት። «ትናንት አውቀሻል አይደል? እዚያ ውስጥ ጎንበስ ስትዪ አውቀሻል። አውቀሽ አላህ ይስጥልኝ አልሽኝ። ዛሬ ደግሞ በሰው ፊት ቀሚስሽ ሥር ደበቅሽኝ።»

«ሰው እንዳይስቅብዎት ብዬ ነው።»

ሜሎን ቤታቸው ገብተው በሩን ከውስጥ ዘጉት።

አለቀ ማለት ነው፤ ኢቅሊማ ሌላ አልታያትም። ቃል ቃል ነው። የመንደሩ ወንዶች ዛሬ በደቦ የመስኖውን ቦይ እየጠረጉ ነው፣ ሲጨርሱ ሩዝ የሚበሉት ደግሞ እዚሁ ነው፤ ተራው የኦላበርጋን ነው። በመከር ምስክር የሆኑት ሰዎች በሙሉ አካፋቸውን በትከሻቸው ይዘው ይመጣሉ። ሌላ ሰው ከሚነካው እኔው ልንካው ብላ ወደ ላስቲክ ቤቱ ሄደችና ላስቲኩ ከብረቱ ጋር የታሰረበትን ሲባጎ መፍታት ጀመረች። ቋጠሮውን ያጠበቀው ዳቭሮን ነበር፤ በሄደበት ሰሞን።

«ተይው፣ ጥፍርሽን ትነቅዪዋለሽ» አለ ድምፅ። ፖሻ ናት። ከጎኗ ተንበረከከች። «እኔ ልፍታው። እልል አልልም፤ አትፍሪ።»

«ኦፓ፣ ትናንት ለተናገርኩት...»

«ዝም በይና ያዢው።»

ሲባጎውን ከጫፍና ከጫፍ እንደያዙ የወንዶቹ ጫጫታ ግቢውን ሞላው። ከሁሉ የሚሰማው ነገረኛው ማትካሪም ነው። «ኦላበርጋን! አበባው ወጣ ወይስ ላስቲክ እናውርድ? ብቻ በባዶ ሆድ አናወርድም፤ ሩዙ ይቅደም!»

የሜሎን ቤቱ በር ተከፈተ። ኦላበርጋን ወጡ። በጎረቤቶቻቸው መካከል ቆሙና ቆባቸውን አወለቁ። ሳቁ ተቋረጠ። በዚያ መንደር ያን መላጣ ያየ ሰው ቢኖር ፀጉር አስተካካያቸው ነው።

«በመከር ቃል ሰጥቻችሁ ነበር» አሉ። «የምራቴ አበባ ግቢዬ ውስጥ ሞቷል።»

ማትካሪም አካፋውን አነሣ። «እንግዲያውስ...»

«አልጨረስኩም! የገደልኩት እኔ ነኝ። እሷ ሰው ሞቶባት ስትሄድ አንሥቼ ከሜሎን ጋር አሳደርኩት። የሜሎኑ ትንፋሽ ገደለው። ለገዢዋ እኔ ነኝ ያለችው ምራቴ ናት፤ ዋሽታለች። እኔ ነኝ።»

ኢቅሊማ ሲባጎው በእጇ እንዳለ ደርቃ ቀረች። የትናንቱ ድንጋጤ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። በዚህ መንደር ቦይ ሲደረመስ ጥፋቱ የውሃው ነው፣ በግ ሲሞት የዓይን ነው፣ ሙሽራ ሲከፋት የሙሽራዋ ነው። አንድ ጢሙ የሸበተ ሰው በሰው መሐል ቆሞ እኔ ነኝ ሲል ሰምታ አታውቅም። ፖሻ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

ማትካሪም በሳቅ ፈነዳ፣ ሌሎቹም ተከተሉት።

«የኦላበርጋን ሜሎን አበባ በላ!»

«ትንፋሹ ነው ወይስ የእርስዎን ፊት አይቶ ደንግጦ ነው?»

«ለናቭሩዝ እኔ አልበላም ጎበዝ፤ ያ ሜሎን ነፍስ ገዳይ ነው!»

ሽማግሌው ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ጆሯቸው ቀልቷል። አልተቆጡም፣ አልሸሹም፣ የሚስቀውን ሁሉ ስቆ እስኪጨርስ ጠበቁት። ኢቅሊማ ግን ማየት አልቻለችም፤ ፊቷን ወደ ላስቲኩ አዞረች። እያንዳንዱ ሳቅ እሷን የሚመታት መሰላት።

«ጨረሳችሁ?» አሉ በመጨረሻ። «ሩዙ ገና አልበሰለም፤ እናንተም አካፋ ይዛችኋል። ከላስቲክ ቤቱ ጀርባ፣ ከሜሎን ቤቴ በደንብ አርቃችሁ፣ የቤት መሠረት ቆፍሩልኝ። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮት የሌለው። የአበባ ቤት ነው።»

ማትካሪም ሳቁን ዋጠ። «የሜሎን መሬትዎ ላይ?»

«የማን መሬት ላይ ልቆፍር፣ ያንተ?» አሉና ከእጁ አካፋውን ነጠቁት። በላስቲክ ቤቱ ጎን አልፈው ወደ ጀርባ ሲሄዱ ኢቅሊማ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ኢቅሊማ» አሏት። «በሩ ወዴት ይዙር?»

ሲባጎውን ለፖሻ አቀበለቻት።

«ወደ ሰሜን» አለች።

«ወደ ሰሜን ነው፣ ሰምታችኋል!» አሉ፤ የመጀመሪያውን አፈር ራሳቸው ቆፍረው ጣሉት። ወንዶቹ እያጉረመረሙ፣ እየሳቁ፣ ወደ መሬቱ ወረዱ።

ፖሻ በክርኗ ጎሸመቻት። «ምን ቆመሻል? ደውይለት እንጂ!»

ደወለች። ዳቭሮን ከወዲያ ማዶ አነሣ፤ እሷ ግን ስልኩን ወደ ቆፋሪዎቹ አዞረችው። እሱ የሚሰማው የአካፋ ድምፅና የወንዶች ጩኸት ብቻ ነበር።

«ኢቅሊማ? ምንድነው እሱ?» ድምፁ ፈራ። «ላስቲኩን እያወረዱት ነው?»

«የለም» አለችው፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ። «ቤት እየሠሩ ነው። ና።»